ከግቢ ወደ ፎቅ፦ በደሴና በኮምቦልቻ መኖሪያ ስንመርጥ ለመንፈስና ለጤና የሚበጀውን ማነጻጸሪያ

አክስቴ ደሴ ውስጥ ሮቢት በሚባለው ሰፈር ከአርባ ዓመት በላይ የኖሩበትን የጋራ ግቢ ለመልቀቅ ሲገደዱ፣ ልጆቻቸውና እኛ የወንድም ልጆቻቸው ተሰብስበን አራት አማራጭ አቀረብንላቸው። አንደኛው ከፒያሳ ሳይርቅ በተሠራ ረጅም ሕንፃ ላይ ያለ አፓርታማ፣ ሁለተኛው ጂ+4 ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛው በዚያው በለመዱት ሰፈር ሌላ የግቢ ቤት መከራየት፣ አራተኛው ደግሞ በጢጣ በኩል ከከተማው ጠርዝ ላይ አነስተኛ የግል ቤት ነበር። እኛ በካሬ ሜትርና በዋጋ ስንከራከር ዋልን፤ እሳቸው ግን የጠየቁት አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፦ «ቡና ሲፈላ ማንን ነው የምጠራው?»

ጥያቄው መጀመሪያ ላይ ፈገግ አሰኝቶን ነበር። በኋላ ሳስበው ግን ስለ ከተማ አሠራርና ስለ ሰው ስሜት የተደረጉ ጥናቶች ለብዙ ዓመታት ሲያገላብጡት የኖሩት ጉዳይ እርሱ ራሱ ሆኖ አገኘሁት። ስለዚህ ይህ ማነጻጸሪያ ዋጋን ለደላሎች ትቶ፣ እያንዳንዱ የቤት ዓይነት በነዋሪው እንቅልፍ፣ በሰላሙ፣ በብቸኝነቱና በጉርብትናው ላይ ምን እንደሚያስከትል ይመረምራል።

ቁመት ሌላ፣ ጥግግት ሌላ

በከተሞቻችን ስለ ፎቅ ክርክር ሲነሣ ሁለት የተለያዩ ነገሮች እንደ አንድ ሲቆጠሩ ይሰማል። የሕንፃ ቁመትና በአንድ ስፋት መሬት ላይ የሚኖረው ሰው ብዛት አንድ አይደሉም። ፓሪስ አብዛኛው መኖሪያዋ ከስድስትና ከሰባት ፎቅ የማይበልጥ ከተማ ስትሆን በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ግን 20,000 ያህል ሰው ይኖርባታል። ሰውን አቀራርቦ ለማኖር ሰማይ ጠቀስ ሕንፃ የግድ አይደለም ማለት ነው። የደሴ የድሮ ግቢዎችም ቢሆኑ ከመሬት ሳይነሡ አምስትና ስድስት ቤተሰብ በአንድ ቧንቧና በአንድ መጸዳጃ ያኖሩ ስለነበር፣ ተጠጋግቶ መኖር ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም፤ አዲሱ ነገር ከፍታውና ደረጃው ነው።

ኦስካር ኒውማን የተባለው አርክቴክት በኒው ዮርክ ብሩክሊን ውስጥ ጎን ለጎን የሚገኙ ሁለት የመንግሥት መኖሪያ ሰፈሮችን አነጻጽሮ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1972 ይፋ አድርጎ ነበር። ብራውንስቪል የሚባለው ከሦስት እስከ ስድስት ፎቅ ያላቸው ሕንፃዎች የቆሙበት ሲሆን፣ ቫን ዳይክ በሚባለው ደግሞ አብዛኛው ነዋሪ የሚኖረው አሥራ ሦስትና አሥራ አራት ፎቅ ባላቸው ሕንፃዎች ውስጥ ነበር። የሕዝባቸው ጥግግት ተቀራራቢ ሆኖ ሳለ ወንጀልና ፍርሃት የበረታው በረጃጅሞቹ ዘንድ ነው። ኒውማን ምክንያቱን ሲያስረዳ፣ በአንድ መግቢያ የሚጠቀመው ሰው እጅግ ሲበዛ ነዋሪው ማን ጎረቤት፣ ማን እንግዳ እንደሆነ መለየት ያቅተዋል፤ ደረጃውና ኮሪደሩም የማንም ያልሆነ ቦታ ይሆናል ይላል። ድህነትንና የአስተዳደር ድክመትን ችላ ብሎ ሁሉንም ለሕንፃው ቅርጽ ሰጥቷል ተብሎ ተተችቷል፤ ትችቱ ትክክል ይመስለኛል። ሆኖም የመግቢያው ነገር በእኛም ከተሞች በዓይን የሚታይ ስለሆነ መለኪያውን አልጥለውም።

ሌላው መለየት ያለበት በመጠጋጋትና በመጨናነቅ መካከል ያለው ልዩነት ነው። መጠጋጋት በቁጥር የሚለካ ሲሆን መጨናነቅ ግን ስሜት ነው። አንድሩ ባውምና ስቱዋርት ቫሊንስ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ሁለት ዓይነት የተማሪዎች ማደሪያ አጥንተው ነበር። በአንደኛው ከሠላሳ በላይ ተማሪዎች አንድ ረጅም ኮሪደርና የጋራ መታጠቢያ ይጋራሉ፤ በሌላው ከአራት እስከ ስድስት የሚሆኑ ተማሪዎች የራሳቸው ሳሎንና መታጠቢያ አላቸው። ለእያንዳንዱ ተማሪ የሚደርሰው ስፋት ተቀራራቢ ነበር። ይሁን እንጂ የረጅሙ ኮሪደር ተማሪዎች ተጨናነቅን ብለው ያማርሩ ነበር፤ ከማደሪያቸው ውጭ እንኳ ከማያውቁት ሰው ራቅ ብለው መቀመጥን ይመርጡ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ዶርም ውስጥ አራት ዓመት ያደረ ሰው ይህን ለማመን ጥናት የሚያስፈልገው አይመስለኝም። ሰውን የሚያደክመው የሰው ብዛት ብቻ አይደለም፤ መቼና ከማን ጋር እንደሚገናኝ መወሰን አለመቻሉ ነው።

እንግዲህ አራቱን አማራጮች ስመዝን «ስንተኛ ፎቅ ነው?» ከማለት አስቀድሜ «ስንት በር በአንድ ደረጃ ይጠቀማል?» እላለሁ።

በረጅሙ ሕንፃ ላይ ያለው አፓርታማ

መልካም ጎኑን መካድ አይገባም። አቧራው፣ ዝንቡና የባጃጁ ጩኸት ይቀንሳል፤ በሩን ዘግቶ ማረፍ ለሚወድ ሰው የሚሰጠው ነፃነት በግቢ ቤት አይገኝም፤ ሥራው መሐል ከተማ ለሆነ ሰው ደግሞ ከቀኑ ላይ የሚቆርጠው የመንገድ ጊዜ ትንሽ ነው። የእይታውም ዋጋ ቀላል አይደለም። ሮጀር ኡልሪክ እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተመው ጥናት፣ በፔንሲልቫኒያ ሆስፒታል የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው 46 ሕሙማን መካከል በመስኮታቸው ዛፍ የሚያዩት የጡብ ግድግዳ ከሚያዩት ይልቅ ፈጥነው ከሆስፒታል ወጥተዋል፤ ጠንካራ ማስታገሻም ያነሰ ወስደዋል። ጠዋት መጋረጃ ሲገለጥ የጦሳን ተራራ የሚያሳይ መስኮት፣ የጎረቤት ሕንፃ ብሎኬት ከሚያሳይ መስኮት ጋር እኩል ዋጋ ሊወጣለት አይገባም።

ነገር ግን በደሴ እይታ የፎቅ ብቻ ሀብት አለመሆኑን ገዢው ልብ ይበል። ከተማው በተራራ መካከል፣ በ2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ተረተሩን ይዞ የተሠራ ስለሆነ፣ በጦሳ ግርጌ ያለ ምድር ቤት በሜዳ ከተማ ሰባተኛ ፎቅ የሚሰጠውን እይታ ያለ ሊፍት ይሰጣል። ለእይታ ብቻ ብሎ ስምንተኛ ፎቅ የሚገዛ ደሴዬ ተራራው በነፃ የሰጠውን ነገር በገንዘብ እየገዛ ነው።

ጎጂ ጎኑን በተመለከተ፣ ሮበርት ጊፎርድ የተባለው ካናዳዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ በረጃጅም ሕንፃዎች ላይ የተጻፉ ጥናቶችን እ.ኤ.አ. በ2007 ሰብስቦ ሲመረምር፣ ለብዙ ሰው ረጅም ሕንፃ ከሌሎች የቤት ዓይነቶች ያነሰ እርካታ እንደሚሰጥ፣ ለልጆች በተለይ እንደማይመች፣ ጉርብትናውም እንደሚሳሳ አግኝቷል። በዚያው ላይ ግን የነዋሪው ገቢ፣ ዕድሜ፣ የቤተሰቡ ሁኔታና ቤቱን ወድዶ መምረጡ ውጤቱን እንደሚለውጡት አሳይቷል። የዴንማርኩ አርክቴክት ያን ጌል ደግሞ ከአምስተኛ ፎቅ በላይ ያለ ሰው ከመንገዱ ሕይወት እንደሚቆረጥ ያስረዳል፤ ከዚያ በላይ ፊት አይለይም፣ ጥሪ አይሰማም። እናት ከሦስተኛ ፎቅ በረንዳ «ና ግባ!» ብላ ልጇን መጥራት ትችላለች። ከዘጠነኛ ፎቅ ግን አትችልም፤ ስለዚህ ልጁን ቤት ውስጥ ታስቀረዋለች፤ ልጁም በስልክና በቴሌቪዥን ያድጋል።

የውሃና የመብራት ጉዳይ የስሜት ጉዳይ መሆኑን ብዙ ሰው አያስተውለውም። ውሃ አሥር ሜትር ከፍ እንዲል አንድ ባር ያህል ግፊት ያስፈልገዋል፤ ሠላሳ ሜትር ላይ ላለ ቤት ከመንገዱ ቧንቧ ሦስት ባር በላይ መምጣት አለበት፤ አለዚያ ፓምፕ ያሻል፤ ፓምፑ ደግሞ መብራት ይፈልጋል። መብራት በጠፋ ቁጥር ሊፍቱም ውሃውም አብረው ይሄዳሉ ማለት ነው። ጉልበቱ የሚያማቸው አዛውንት በዚህ ምክንያት ሁለት ቀን ከቤት ሳይወጡ ቢቀሩ፣ ያለፈቃዳቸው እንደ ታሰሩ ያህል ይሰማቸዋል።

ለወሎ ሰው አንድ ተጨማሪ ሐሳብ አለ። ምድራችን በስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ ናት። እ.ኤ.አ. በ1961 ከደሴ በስተ ደቡብ ባለችው በካራ ቆሬ አካባቢ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ አፍርሷት ነበር። በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥና ጥር ደግሞ ከፈንታሌ አካባቢ የተነሣው ንዝረት አዲስ አበባ ድረስ ሲሰማ ከሁሉ ይልቅ የተረበሹት ከፍ ባሉ ፎቆች ላይ ያሉ ሰዎች ነበሩ፤ ረጅም ሕንፃ ከሩቅ በመጣ ንዝረት ቀስ እያለ ረዘም ላለ ጊዜ ስለሚወዛወዝ ነው። በአግባቡ የተሠራ ሕንፃ ይህን እንዲችል ተደርጎ ይነደፋል። ይሁንና የሚፈራ ሰው እንቅልፉን ያጣል፤ ስለዚህ የመዋቅር ንድፉን ማን እንደሠራውና ማን እንደተቆጣጠረው ሳይጠይቁ ቀብድ መክፈል አይገባም።

ረጅም ሕንፃ ሁሉ ወደ ብቸኝነት ይወስዳል ማለቴ ግን አይደለም። በቪየና አልተርላ የሚባለው የመኖሪያ ሕንፃዎች መንደር ከሃያ ፎቅ በላይ ሆኖ ሳለ ነዋሪዎቹ የሚወዱት ስፍራ ነው፤ የታችኞቹ ፎቆች በረንዳ ሁሉ አትክልት የሚተከልበት፣ ጣሪያውም መዋኛ ያለው ነው። በሲንጋፖር ከሕዝቡ 80 በመቶ የሚሆነው መንግሥት በሠራቸው ረጃጅም ሕንፃዎች ይኖራል፤ በብዙዎቹ ሥር ምድር ቤቱ ክፍት ሆኖ ሰርግም ለቅሶም ይደረግበታል። በተቃራኒው በአሜሪካ ሴንት ሉዊስ የተሠሩት 33ቱ የፕሩት-አይጎ ሕንፃዎች አሥራ አንድ ፎቅ ብቻ ሆነው ሳለ ሃያ ዓመት ሳይሞላቸው እ.ኤ.አ. በ1972 መፍረስ ጀመሩ። ሊፍታቸው በየሦስት ፎቁ ብቻ ይቆም ስለነበር ሰው የቀረውን በጨለማ ደረጃ ይጓዝ ነበር፤ የጥገናውም ገንዘብ ከነዋሪው ኪራይ ብቻ ይጠበቅ ስለነበር ነዋሪው ሲቀንስ ጥገናው ቆመ። ልዩነቱ ከፎቁ ቁጥር ይልቅ በጋራ ስፍራውና በጥገናው በጀት ላይ ነው። ሻጩ የወርሃዊ የጋራ ክፍያውን መጠንና ምን ምን እንደሚሸፍን በጽሑፍ መስጠት ካልፈለገ፣ ከዚያ ሕንፃ መራቅን እመክራለሁ።

ኮንዶሚኒየም

ጂ+4 ለእኛ አገር ሰው ልክ የሆነ ቁመት ይመስለኛል። ከላይኛው ፎቅ እስከ መሬት አሥራ ሁለት ሜትር ገደማ ነው፤ ድምፅ ይደርሳል፣ ፊት ይለያል፣ መብራት ቢጠፋም ሰው በእግሩ ይወርዳል። ጉዳቱም ከዚያው ከደረጃው ይመጣል። ሊፍት ስለሌለው አራተኛ ፎቅ የሚኖር ሰው ሰባና ሰማንያ ደረጃ በቀን ሦስትና አራት ጊዜ ይመላለሳል፤ ይህ ለወጣት ስፖርት ነው፤ ሃያ ሊትር ጀሪካን ለተሸከመች እርጉዝ ግን ሌላ ነገር ነው። ዕጣው የላይኛውን ፎቅ ያወጣለት አዛውንት ቤቱን ከታች ካለ ወጣት ጋር ለመለዋወጥ አስቀድሞ ማሰብ ይኖርበታል።

ኮንዶሚኒየም ሲነሣ ሁሉም ስለ ድምፅ ያማርራል። በሌሊት የሚጎተት ወንበር፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ከላይ የሚወቀጥ ሙቀጫ! በግቢ ቤት ዘነዘና ሲሰማ «ቡና ደረሰ» ተብሎ የሚጠበቅ የደስታ ድምፅ ነበር፤ በኮንክሪት ወለል በኩል ሲመጣ ግን ራስ ምታት ይሆናል። ዴቪድ ግላስና ጀሮም ሲንገር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መግቢያ ገደማ ያሳዩት ነገር እዚህ ላይ ይጠቅማል። ለሁለት ወገን አንድ ዓይነት ሁከት አሰምተው፣ ለአንደኛው ወገን ሁከቱን ማቆም የሚችልበት ቁልፍ ሰጡት። ቁልፉን የተጫነው ሰው እምብዛም አልነበረም፤ ነገር ግን ማቆም እንደሚችል በማወቁ ብቻ ከዚያ በኋላ በተሰጠው ሥራ ላይ የበለጠ ጸና። በሕንፃው ውስጥ የሙቀጫ ሰዓት የሚቆርጥ ጠንካራ የነዋሪዎች ማኅበር መኖሩ እንደዚያ ቁልፍ ነው። ድምፁ ባይጠፋም ሰው «የማስቆሚያ መንገድ አለኝ» ብሎ ያድራል።

የአዛንና የቅዳሴ ድምፅ ማጉያ ከፍ ተደርጎ ስለሚሰቀል ከምድር ቤት ይልቅ ሦስተኛና አራተኛ ፎቅ በቀጥታ እንደሚደርሰው ልጨምር፤ ይህን የምለው በማማረር አይደለም፤ በዚህ ድምፅ ያደገ ሰው ሳይሰማው ሲቀር ነው የሚከፋው። ቀላል እንቅልፍ ያለው ሰው ግን የመኝታ ቤቱን አቅጣጫ ይመልከት።

ወደ ቡናው እንመለስ። በወሎ ቡና የሚፈላው ሰው ለመሰብሰብ ነው። አቦሉ፣ ቶናው፣ በረካው እስኪጠጣ ድረስ የታመመ ይጠየቃል፣ የተኮራረፈ ይታረቃል፣ ዱአ ይደረጋል። በግቢ ቤት ጪሱ ራሱ ጥሪ ነው። በኮንዶሚኒየም በሩ ዝግ ስለሆነ ጥሪው ወደ ስልክ ይዛወራል፤ በስልክ የሚጠራ ሰው ደግሞ አስቀድሞ የሚታወቅ ብቻ ነው። ስለዚህ ቤት ሊገዛ የሚሄድ ሰው ከሳሎኑ ስፋት በፊት የኮሪደሩን ስፋት ይለካ። ሦስት ሰው በዱካ ተቀምጦ ሌላው ሳይረገጥ የሚያልፍበት ኮሪደር ካለ፣ ደረጃውንም የሚጋሩት ስምንትና አሥር በሮች ከሆኑ፣ ጉርብትና ይበቅላል። ሃያና ሠላሳ በሮች አንድ ጠባብ መተላለፊያ ሲጋሩ ግን ሰው የሚሠራው እንደዚያ እንደ ዶርሙ ተማሪዎች ነው፤ ሰላምታ ላለመስጠት ሲል ስልኩን እያየ ያልፋል። በነገራችን ላይ ከሰሉን በረንዳ ወይም ክፍት ኮሪደር ላይ ማቀጣጠል ግዴታ ነው፤ በተዘጋ ክፍል የከሰል ጋዝ ሽታ ሳይኖረው ይገድላል።

ጋራ መጠቀሚያው ቤት ክፍት መሆኑን ማየት ያስፈልጋል። ለአረፋም ለፋሲካም የሚታረድበት፣ በርበሬ የሚሰጣበት፣ እንጀራ የሚጋገርበት ቦታ ሆኖ ታስቦ የተሠራ ቤት ነው። እኔ ያየሁት አንድ ሕንፃ ውስጥ ግን ተቆልፎ ለመጋዘን ተከራይቶ ነበር፤ ነዋሪው ስጡን ደረጃ ላይ ሲያሰጣ ጎረቤት ከጎረቤት ይጣላል። ጠቡ በሰዎቹ ክፋት የመጣ ይመስላል እንጂ ሥሩ የተቆለፈው በር ነው።

ሞት ሲመጣስ? ከዚህ በፊት በአንድ ማነጻጸሪያ ላይ ይህ ጥያቄ ሲነሣ አላየሁም፤ ለወሎ ሰው ግን ከሁሉ የሚቀድም ነው። ቅሬው የት ነው? ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አብሮ የሚቀብርበት፣ አብሮ የሚያጽናናበት ቅሬ በሰፈር የተመሠረተ ስለሆነ፣ ወደ ፎቅ የገባ ሰው ብዙውን ጊዜ በድሮው ሰፈሩ ቅሬ ይቆያል። ይህ መልካም ነው፤ አዲሱ ጎረቤቱ ግን የእርሱን ሐዘን ሳያውቅ ይቀራል። ሕንፃው የራሱ ቅሬ እንዳለው፣ ድንኳን የሚተከልበት ሜዳ መኖር አለመኖሩን፣ የደረጃው መታጠፊያ ጀናዛ ወይም የሬሳ ሣጥን ሳይዘነብል ለማዞር ይበቃ እንደሆነ መጠየቅ ነውር አይደለም። ለታማሚ ቃሬዛም የሚያስፈልገው ያው ስፋት ነው።

የድሮው ግቢና የጠርዙ ቤት

የግቢን ኑሮ ከሩቅ ሆነው የሚናፍቁ ሰዎች፣ ሲኖሩበት ያማረሩትን ይረሳሉ። ማን ምን በላ፣ ማን ስንት ሰዓት ገባ፣ ማን ተጣላ ሁሉ የሚታወቅበት ግቢ ለአዲስ ሙሽራና ለወጣት ሴት እስር ቤት የሚሆንበት ጊዜ አለ። መጸዳጃው በክረምት ሌሊት በጭቃ የሚሄዱበት ነው፤ አከራይም በፈለገ ጊዜ ልቀቁ ይላል። «ሰው ምን ይለኛል» የሚለው ሐሳብ የጤና ዋጋ አለው። ነገር ግን አንድ ሰው ሁለት ቀን በሩን ሳይከፍት ቢቀር የሚያንኳኳ የሚገኘው በግቢ ነው። ብቻቸውን ለሚኖሩ አዛውንቶች ይህ ከመድኃኒት የማይተናነስ ስለሆነ፣ ለእነርሱ የግቢ ቤትን ከማንም ፎቅ አስቀድማለሁ፤ መጸዳጃው ከቤቱ አጠገብ እስከሆነ ድረስ።

በጢጣ ወይም በቦሩ ሜዳ በኩል ያለው የግል ቤት ብዙ አያነጋግርም። የራስ አጥር፣ ጎመን የሚተከልበት መሬትና ንጹሕ አየር አለው፤ ለልጅም ይመቻል። በሌላ በኩል ጎረቤት ገና እየሠራ ስለሆነ ዙሪያው ለዓመታት የግንባታ ቦታ ሆኖ ይቆያል፤ ማታ መጓጓዣ ይቸግራል፤ ከለመዱት ቅሬና ገበያ መራቁም እንደ ስደት የሚከብዳቸው አሉ። መኪና ላለውና ትንንሽ ልጆች ለሚያሳድግ ቤተሰብ ጥሩ ነው፤ ለሌላው ግን ረጅም ሕንፃ ያመጣል ተብሎ የሚፈራው ብቸኝነት በመሬት ላይም ይገኛል።

ብርድ፣ ሙቀትና ፀሐይ

ደሴ ላይ የሰውን መንፈስ ከሚጫኑት ነገሮች አንዱ ብርድና ጉም ነው፤ ስለዚህ የመስኮት አቅጣጫ ከፎቅ ቁጥር ይበልጣል። ከተማው ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 11 ዲግሪ ላይ ስለሚገኝ፣ የቀትር ፀሐይ በሰኔ ጥቂት ወደ ሰሜን ዘመም ትላለች፤ ብርዱ በሚበረታበት በታኅሣሥ ግን በደቡብ በኩል ከአድማሱ 55 ዲግሪ ያህል ከፍታ ላይ ትቆማለች። የደቡብ መስኮት በብርድ ወራት ፀሐይ ያስገባል፤ የሰሜን መስኮት በዚያው ወቅት ጥላ ብቻ ይኖረዋል። ከዚህ በመነሣት ጥላን ማስላት ይቻላል። ከደቡብ በኩል አሥራ አምስት ሜትር የሆነ ጂ+4 ቢቆም በታኅሣሥ ቀትር አሥር ሜትር ያህል ጥላ ይጥላል፤ ሠላሳ ሜትር የሆነ ሕንፃ ደግሞ ሃያ ሜትር ያህል። ከፊት ለፊት ያለው ባዶ ቦታ ነገ ምን ሊሠራበት እንደተፈቀደ ከማዘጋጃ ቤቱ መጠየቅ ስለዚህ ነው።

የደሴ ቁልቁለት ሌላም ጥቅም አለው። ተዳፋት ላይ የተሠራ ሕንፃ ከታችኛው መንገድም ከላይኛው መንገድም መግቢያ ሊኖረው ስለሚችል፣ በቁጥር ሦስተኛ ፎቅ የሚባለው ከላይኛው መንገድ በእኩል ደረጃ የሚገቡበት ምድር ቤት ሆኖ ሊገኝ ይችላል። እንዲህ ያለውን ቤት ያገኘ ሰው እይታውንም ደጁንም አንድ ላይ አገኘ።

ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ርቃ ሳለ ነገሩ ይገለበጣል። ከፍታዋ 1,850 ሜትር ገደማ ስለሆነ ከደሴ ወደ አራት ዲግሪ የሚጠጋ ሙቀት ትበልጣለች። እዚያ ነፋስ የሚያገኘው መካከለኛው ፎቅ ሲመረጥ፣ ከቆርቆሮው ሥር ያለው የመጨረሻው ፎቅ ከሰዓት በኋላ እንደ ምድጃ ይሆናል። በፋብሪካ በፈረቃ የሚሠራ ሰው ቀን መተኛት ስላለበት ከመንገዱና ከምዕራብ ፀሐይ የራቀ መኝታ ቤት ይፈልግ።

ምርጫውን ስንጨርስ

ብቻውን ለሚኖር ወጣት፣ በተለይም ቀኑን ሙሉ ከሰው ጋር ውሎ ማታ ጸጥታ ለሚሻ፣ ረጅሙ ሕንፃ ይስማማዋል። ትንንሽ ልጆች ላሉት ቤተሰብ ኮንዶሚኒየም እስከ ሁለተኛ ፎቅ፣ መሐሉ ላይ ልጅ የሚታይበት ሜዳ ካለው፣ ከሁሉ ይሻላል እላለሁ። ወድዶ ያልገባበት ቤት ሰውን እንደሚያስመርረው ግን አይዘንጋ፤ ቤተሰብ ለወላጁ መርጦ ሲሰጥ መልካሙ ቤት ሳይቀር ይጠላል።

ከመክፈል በፊት ቤቱን ሦስት ጊዜ መጎብኘት ይገባል፦ ጠዋት ፀሐዩን ለማየት፣ ማታ አንድ ሰዓት ላይ ሰው ከሥራ ሲገባ ሰላምታ መለዋወጡን ለማየት፣ እንዲሁም መብራት በጠፋበት ቀን። ሃያ ሊትር ውሃ ተሸክሞ አንድ ጊዜ መውጣትም ብዙ ያስተምራል። አንድን ነዋሪ «ከጎንህ ያለው ጎረቤት ስሙ ማነው?» ብለው ይጠይቁት፤ ካመነታ ስለ ሕንፃው የሚፈልጉትን መልስ አግኝተዋል።

አክስቴ ሦስት ቦታ ዞረው አይተው በመጨረሻ የኮንዶሚኒየሙን አንደኛ ፎቅ መረጡ። በአንድ ደረጃ ዘጠኝ በር የሚጠቀምበት፣ መስኮቱ ወደ ደቡብ የሚያይ፣ ኮሪደሩ ረከቦት የሚያስቀምጥ ቤት ነው። የድሮ ቅሬያቸውን አልተዉም፤ በየወሩ መዋጮውን ራሳቸው ሮቢት ድረስ ወርደው ይከፍላሉ። በርበሬያቸውን የት እንደሚያሰጡ ግን ከማኅበሩ ጋር እስካሁን እየተከራከሩ ናቸው።